ፊልሙ የረሳት የቤት ሠራተኛ

ስንዱዬ፣

ከተለየሽኝ ስድስት ወር ከአራት ቀን ሆነ። ኦሮራ ከተማ ያለው ቤታችን እንደተውሽው ነው። ልጃችን ማርታ ከፓርክ ሂል ሰፈር እየመጣች አበቦችሽን ታጠጣለች፤ በእነሱ ጉዳይ እኔን አታምነኝም። የማርያም ማኅበርሽ ውስጥ አንቺን ተክቼ ገብቻለሁ። ከሰባት ሴቶች መካከል ብቸኛው ወንድ እኔ ነኝ፤ ጽዋውን ሳነሣ እጄን እያዩ ያርሙኛል።

ባለፈው እሑድ ተራው የእኛ ቤት ነበር። ምግቡ ከተነሣ በኋላ የማኅበሩ ታላቅ እትዬ አስካለ፣ እንደ ልማዳችን የስንዱ ፊልም ይከፈትልን አሉ። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ካለው የአሮጌ ዕቃ ሱቅ የገዛሽውን ዲቪዲ ማለታቸው ነው።

ስለዚያ ፊልም ያለኝን አስተያየት በሕይወት ሳለሽ አልደበቅሁሽም፤ አሁንም አልደብቅሽም። ድምፅ ለሲኒማ አዲስ በነበረበት ዘመን እንግሊዞች በጥድፊያ ከሠሯቸው ርካሽ የወንጀል ፊልሞች አንዱ ነው። በር ሲዘጋ ግድግዳው ይወዛወዛል። አምስት ሰዎች አንድ የአበባ ማስቀመጫ ከበው ይነጋገራሉ፤ ማይክሮፎኑ እዚያ ውስጥ መደበቁን ለማወቅ ብልህ መሆን አያስፈልግም። የተገደለው ጌታ ምንጣፍ ላይ ተዘርሮ ይተነፍሳል። መርማሪው ስልኩን የሚያነሣው ገና ሳይጮኽ ነው። ከሁሉ የሚያስንቀው ግን የቤት ሠራተኛዋ ጉዳይ ነው። በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ያለ ጥፋቷ ታስራ ትወሰዳለች፤ ከዚያ ደራሲው ጨርሶ ይረሳታል። እውነተኛው ገዳይ ተይዞ፣ መርማሪው የጌታውን ልጅ አቅፎ ሲስም እንኳ፣ ያቺን ምስኪን ፍቷት የሚል ሰው የለም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ጋዜጣ ስሠራ ቢመጣልኝ ሁለተኛውን ገጽ ሳልገልጥ እመልሰው ነበር።

አንቺ በሴቶቹ መካከል ተቀምጠሽ ንግግሩን በአማርኛ ታሰሚያቸው ነበር። እኔ መጨረሻው ሲቃረብ፣ መኪና የሌላቸውን ላደርስ ሞተር ላሞቅ እወጣለሁ። እዚህ ሰው አገር ሙቀቱ በሚበረታበት በሐምሌም እንኳ እወጣ ነበር።

እሑድ ዕለት ተርጓሚው እኔ ሆንኩ። ቃል አልጨመርኩም፣ ቃል አልቀነስኩም። ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ። ማንም አልተነሣም። «ያቺ የታሰረችው ልጅስ?» አሉኝ ሴቶቹ። ፊልሙ ስለ እሷ ምንም እንደማይል፣ ይህም የአሠራር ጉድለት እንደሆነ አስረዳሁ። እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞረው፣

«አንተ፣ ስንዱ የምትለውን አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብለህ አልሰማሃትም?» አሉኝ።

አልሰማሁሽም። ከአንቺ የቀረው ሁሉ በእጄ ያለ ይመስለኝ ነበር። ንገሩኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ እየተቀባበሉ ነገሩኝ። ቴሌቪዥኑ ከጠፋ በኋላ አንቺ ታሪኩን ከራስሽ ትቀጥዪ ነበር። ልጅቷ ትፈታለች፤ ይቅርታ የሚላት የለም። ወደዚያ ቤት ተመልሳ ማድ ቤት ሚስማር ላይ የቀረ ሻርፗን ታነሣለች። ከዚያ በሩን ሳትዘጋ ትሄዳለች።

ሰኞ ብቻዬን ደግሜ አየሁት። ሻርፑ እውነትም እዚያ አለ፤ እሷ ከታሰረች በኋላ እስከ መጨረሻው ተንጠልጥሎ ይታያል። ስንት ጊዜ ስስቅበት የኖርኩትን ፊልም በደንብ ያየሽው አንቺ ነሽ።

እንግልውድ ቤቷ ሄደሽ ትንከባከቢያት የነበረችው አሮጊት ቀለበት ጠፋ ተብሎ አንቺ የተጠረጠርሽበት ሳምንት ትዝ አለኝ። ቀለበቱ ከሶፋው ሥር ሲገኝ ቤተሰቦቿ አንድም ቃል አላሉሽም። እዚያ የቀረ ሻርፕሽን ልታመጪ ስትሄጂ ያደረስኩሽ እኔ ነበርኩ። በረዶ ይጥል ነበር። በሩን ወለል አድርገሽ ትተሽው መጣሽ፤ እኔም መኪናው ውስጥ እንደተቀመጥኩ፣ ነውር ነው፣ ተመለሺና ዝጊው አልኩሽ። ተመልሰሽ ዘጋሽው።

ፊልሙ ዛሬም የማይረባ ነው፤ በዚህ አልደራደርም። እስካለሁ ድረስ ግን ተራው እኛ ቤት ሲደርስ መኪና ላሞቅ አልወጣም። ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ አንቺ ካቆምሽበት እቀጥላለሁ። ልጅቷ ትፈታለች፣ ሻርፗን ታነሣለች። በሩን ክፍት ትታ ስትሄድም፣ ተመለሺና ዝጊው የሚላት አይኖርም።

ባልሽ