በሩ ለሬሳ የወጣበት ሱቅ

ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለጓድ አምባቸው፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ ሽጉጥዎም በወገብዎ ላይ ተመችቶት ተቀምጦ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኔ የእናትዎ ወንድም፣ አንተ ማለት የለመደ ምላሴን ገትቼ የምጽፍልዎ፣ ከጉልበቴና ከአብዮቱ በቀር የሚያመኝ የለም።

ከመካነ ሰላም ወደ አቀስታ በሚወጣው መንገድ ዳር ያለው የሟቹ የአራጌ ሱቅና መኖሪያ «የአድኃሪ ቅሪት» ስለሆነ ቅዳሜ ይፈርሳል የሚለውን ማስታወቂያዎን አነበብሁ። ሚስቱ ሐረግ አሁንም ጓዳው ውስጥ ስለምትኖር፣ ቤቱም ቅርስ ስለሆነ፣ ጥቂት ላስታውስዎ። ፊደል የለየሁት እዚያው ሱቅ፣ ስኳር በተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነውና ስሕተቴን ይለፉኝ።

፩. ከከተማው ወጥቶ የተሠራ የመጀመሪያው ሱቅ ይህ ነው። አራጌ በአርባ አንድ ዓ.ም. ከፊት ጨውና ላምባ፣ ከኋላ አልጋ አድርጎ ሲሠራው፣ ደንበኛህ ጅብ ነው ብለን ስቀንበት ነበር። ዛሬ ከተማው ራሱ እስከ ደጃፉ ተከትሎት መጥቶ፣ መንገድ ዘጋህብኝ ይለዋል።

፪. በስልሳ ስድስቱ ረኃብ ሰው በየመንገዱ ሲረግፍ ቃሬዛ አጣን። አራጌ የሱቁን በር ነቅሎ ሰጠን። ክርስቲያኑንም እስላሙንም ወደየመቃብሩ ያ በር አደረሰ። ከተሸከምናቸው አንዷ እኅቴ ብዙዬ፣ የእርስዎ እናት፣ ነበረች። እርስዎ ደሴ ትምህርት ላይ ስለነበሩ አላዩም፤ የፊቱን ቀኝ ጫፍ የያዘው አራጌ ነው። ከዚያ ወዲያ፣ ሬሳ የተኛበትን በር የስኳር መዝጊያ አላደርገውም ብሎ ከግድግዳው አስደግፎ አቆመው፤ ራሱ ደጃፉ ላይ እየተኛ ሱቁን ጠበቀ።

፫. ባለፈው ወር ጥበቃዎችዎ «የተቆለፈ በር ሰብረን የተደበቀ እህል ያዝን» ብለው ስላቀረቡት ሪፖርት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አራት ዓመት በር ያልነበረውን ሱቅ በር መስበር ለተራ ሰው የሚቻል አይደለም። እህሉ ግማሽ ቁና ሽምብራ ነበር። ለእሱ አራጌን ከገዛ ግድግዳው ጋር አቁመው ሰባት ጥይት ተኮሱበት፤ አራቱ ጭቃው ውስጥ አሉ፣ ሦስቱን ይዟቸው ሄደ። ሬሳውን በመኪና ጭነው የት እንደጣሉት እስካሁን አልነገሩንም። ሐረግ ደሙን ከግድግዳው ልታጥብ ስትል፣ ለሕዝብ ማስተማሪያ ይቆይ ብለው ከለከሏት። መልካም፤ ማስተማሪያ ከሆነ ስለምን ይፈርሳል?

ስለዚህ ቤቱ ከነጥይቱ፣ ከነደሙ፣ ከነሐረግ እንዲቆይ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

በልጅነትዎ በትከሻው አዝሎ ገበያ ያዞረዎ፣ ዛሬም ጥበቃዎችዎ እንዳይደክሙ በሩን ሳይቆልፍ የሚያድር፣

አጎትዎ ክንፈ

ማሳሰቢያ፦ ቅዳሜ ግድግዳው ሲወድቅ የተደገፈው በር አብሮ እንዳይሰበር አደራ። ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሁለት ሊቀመናብርት በመኪና ተጭነው እንደሄዱ ያውቃሉ። እርስዎን ግን፣ ቀኑ ሲደርስ፣ እናትዎ በሄደችበት በር እንሸከምዎታለን። በቁመት ትንሽ ይረዝሙበታል፤ ግድ የለም፣ እግርዎን እናጥፈዋለን። የጎደለን የፊቱን ቀኝ ጫፍ የሚይዘው ሰው ብቻ ነው።