በጥድፊያ የተቀረጸ ትሪ

ሰኞ፣ ኅዳር 1። ጠዋት

መገናኛ እንደ ልማዱ ተዘግቷል። ከታክሲ ወርጄ ዳገቱን በእግሬ። የምሠራበት ኤምባሲ ስደርስ ባንዲራው ተገልብጦ ተሰቅሏል። ጥበቃው ላይ ጮኽኩበት። የምሠራላት ይህች የደሴት አገር ሕዝቧ ከየካ ክ/ከተማ ሊያንስ ይችላል፤ ባንዲራዋ ግን እንደማንም ባንዲራ ቀጥ ብሎ ይሰቀላል። ስንት ጊዜ ልናገር?

ከሰዓት

ስልክ። የትልቁ አገር ኤምባሲ ጸሐፊ፣ ሕይወት። (ትልቁ አገር ይበቃል። አንተም ደብተሬ ስሙን አትጠይቀኝ።)

«ጋሽ ጌታቸው፣ እናንተ ብቻ ቀራችሁ እኮ! የስንብት ትሪውን መዋጮ መቼ ነው የምትልኩት?»

ልማድ ነው። አገር የሚለቅ አምባሳደር ስሙና ያገለገለበት ዘመን የተቀረጸበት የብር ትሪ ከባልደረቦቹ ይሰጠዋል። ኤምባሲዎቹ ያዋጣሉ። የአምባሳደሮቹ ዲን፣ አንጋፋቸውና ተወካያቸው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስለሚሰናበቱ የእሳቸውን ልከናል አልኳት።

«የእሳቸውንማ ተቀብያለሁ። ሁለተኛውን ነው።»

«ሁለተኛው የማን ነው?»

የእኔን አለቃ ስም ጠራች። ከዚያ፦ «ወይኔ ጉዴ! ጋሼ በእናትዎ፣ እንዳልደወልኩ ይቁጠሩት።»

ለኤምባሲዎቹ በተራ ስትደውል እኛን መዝለል ረስታለች። ለራሳችን አምባሳደር መሸኛ እንድናዋጣ ተጠየቅን! አምባሳደሯ የትም አይሄዱም። ሂዱ ያላቸውም የለም። የትሪው ቀራጭ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ገብቼ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። ስሜን በትክክል ጽፈውታል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ገባኝ። ዲን የሚሆነው የሹመት ደብዳቤውን ከሁሉም ቀድሞ ያቀረበ አምባሳደር ነው። አገሩ ትልቅ ነው ትንሽ ነው አይባልም። በዚህ ሥራ ከማውቃቸው ደንቦች ያለ ማቅማማት የማከብረው ይህን ነው። ከተሰናባቹ ዲን ቀጥሎ ያሉት የእኛ ናቸው። ከእኛ ቀጥሎ የትልቁ አገር ሰው፣ ያ ረጅሙ፣ ሲጨብጥ ጎንበስ የሚለው። የእኛ ከሄዱ ወንበሩ የእሱ ነው።

ዛሬ ከደሴቲቱ ዋና ከተማ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ቋሚ ጸሐፊ ለአምባሳደሯ ደወለ። ወደ አገርዎ ይመለሱ ብሎ አልጠራቸውም። ድፍረቱ የለውም። በራሳቸው ፈቃድ፣ በጤና ምክንያት፣ ጡረታ እንዲጠይቁ ነው የሚፈልገው። ትልቁ አገር ለደሴቲቱ ወደብ እየሠራ ነው፤ ቅር እንዳይለው። ጤና! ባለፈው ሳምንት ደረጃው ላይ ቆሜ ሳለከልክ ዘለው ያለፉኝ ሴትዮ።

እምቢ አሉት። ልታስወጡኝ ከፈለጋችሁ ጥሩኝ፣ በፊርማችሁ ጥሩኝ፣ እኔ በራሴ ላይ አልፈርምም አሉ። ስልኩን ዘጉ። ወዲያው ለእኔ ደወለ። ደብዳቤዎቻቸውን የማረቅቀው እኔ መሆኔን ያውቃል። የጡረታ ጥያቄውን አርቅቄ ፊታቸው እንዳስቀምጥ አዘዘኝ። ሰው የተጻፈለትን ይፈርማል ብሎ ያስባል።

ማታ ለሚስቴ ነገርኳት። ሰብለ ሽንኩርት እየላጠች፦ «ለሰው አገር አምባሳደር ነው እንዲህ የምትቃጠለው? ለራስህ ሹመት እንዲህ ብትታገል ይሄኔ ሚኒስትር ነበርክ።»

ተነስቼ ወጣሁ። ግቢ ውስጥ ቆሜ ተመለስኩ። ይበርዳል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

እንጦጦ። አምባሳደሯ በየቅዳሜው ከሹፌሩ ከሲራክ ጋር ነው የሚሄዱት፤ ዛሬ እኔንም ጠሩኝ። እስከ ማርያም በመኪና፣ ከዚያ በጫካው በእግር። እሳቸው ፊት፣ እኔ ትንፋሼን እየፈለግኩ ኋላ። ሲራክ ከኋላዬ፦ «ጋሽ ጌታቸው፣ በጤና ምክንያት ጡረታ የሚወጡት እርስዎ ነዎት እንዴ?» ባለጌ። ደግሞ ማዳም ትሪውን ካልፈለገችው ለቆሎ ይሆነኛል ይላል። «ክብርት አምባሳደር በል» አልኩት። «እሺ፣ ክብርት ማዳም።»

ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ስለ ራሳቸው አወሩኝ። ብዙ ዓመት አብሬ ሠርቼ ያልሰማሁት። ሚኒስቴሩ የገቡት በታይፕ ጸሐፊነት ነው። የአለቆቻቸውን ደብዳቤ ሲጽፉ ስህተቱን ያርሙ ነበር፤ ቀስ በቀስ ደብዳቤውን ራሳቸው ይጽፉት ጀመር፤ አለቆቹ ፈረሙበት፣ ተሾሙበት። ለውጭ አገር ሥራ ሲያመለክቱ ባልሽ ምን ይላል ተባሉ። የተሰጣቸው ሁሉ ሌላው እምቢ ያለው ነው። ጦርነት ያለበት፣ ወባ ያለበት፣ ደመወዝ የሚዘገይበት። አዲስ አበባም የደረሰቻቸው አንድ ወንድ ከፍታው ልብ ያደክማል ብሎ ስለተዋት ነው። ይህን ሲሉ ወደታች ከተማውን ያያሉ።

የተጣለ እያነሳሁ እዚህ ደረስኩ፣ አሉኝ። ይህን የዲን ወንበር ግን ማንም አልጣለልኝም። ተራዬ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ቋሚ ጸሐፊው እንደገና። ረቂቁ የታለ? ካልመጣ የሥራ ውሌ በዚህ ወር መጨረሻ አይታደስም። በጣም በትሕትና ነው የነገረኝ።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ናት። በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል? ኮምፒዩተሩን ከፈትኩ። «ክቡር ሚኒስትር» ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁ። እንደገና ጻፍኩ። ፈርቻለሁ። ሌላ ምን ልበልህ።

ሰብለ ከኋላዬ ቆማ ለካ ታነባለች።

«ምንድን ነው እሱ?»

ነገርኳት። ስለ ውሉም።

«በል ዝጋው» አለች። «ዛሬ እሷን በጽሑፍ አባርረህ ነገ ከእኔ ጋር ማዕድ ልትቀርብ? ደሞ አንተ አኩርፈህ ከምትከርም ብንራብ ይሻለኛል።»

ዘጋሁት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ለቋሚ ጸሐፊው መልስ ላክሁ። አላረቅቅም። ምክንያት አልጻፍኩም። ምክንያቱን ያውቃል።

አርብ፣ ኅዳር 12። ከምሳ መልስ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

የስንብት ምሳ፣ ሆቴል። አለቆች በጠረጴዛ ዙሪያ፣ እኛ የፕሮቶኮል ሰዎች ግድግዳ ሥር። ጥግ ላይ በቀይ ወረቀት የተጠቀለሉ ሁለት ትሪዎች። ሁሉም ያያቸዋል፣ ማንም አያያቸውም። ሕይወት ዓይኔን ሸሸች።

ደንቡ ይህ ነው፦ ለተሰናባቹ ዲን ብርጭቆ የሚያነሳው ተተኪው ነው። ያነሳ ዲን ነው። ረጅሙ ሰውዬ ከኪሱ ወረቀት አወጣ፣ ኮቱን ቆለፈ፣ ሊነሳ ወንበሩን ገፋ። የእኛ ቆመው ነበር! መቼ እንደተነሱ አላየሁም። ብርጭቆው በእጃቸው።

ስለ ተሰናባቹ አጭርና ደግ ነገር ተናገሩ። ከዚያ ወደ ጥጉ አዩ። ለእኔም ትሪ እንደተዘጋጀ ሰምቻለሁ፣ አመሰግናለሁ አሉ፤ ቀራጩ ግን ትንሽ ቸኩሏል፣ የመጨረሻውን ዓመት ፍቆ ያስቀምጥልኝ፣ የጠራኝ የለም። በፊርማ የሚጠራኝ ሲመጣ በደስታ እቀበለዋለሁ።

ከዚያ ሽማግሌው ዲን ራሳቸው ሳቁ፣ ብርጭቆ አነሱ። «ለተተኪዬ» አሉ። ሌሎቹ ተነሱ። ረጅሙም ተነሳ። ምን ያድርግ? ተቀምጦ ሊቀር ነው?

ወደ ቢሮ በመኪና ተመለስን። ዳገቱ ላይ ጫማቸውን አወለቁ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ትናንት ምሽት ቋሚ ጸሐፊው ለእሳቸው ደወለ። ሚኒስትሩ ተቆጥተዋል፤ የጥሪ ደብዳቤ ሊፈረም ይችላል። ይፈረም አሉት። ለወደብ ተሸጥን ብሎ የሚፈርም ካለ ስሙን ልየው። የእኔ ውል አይታደስም፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነኝ።

ሊጠሯቸው ይችላሉ። በሳምንት፣ በወር። አላውቅም። ወይም ማንም በስሙ መፈረም አይፈልግም፤ እንዲህ ያሉ ሰዎችን አውቃቸዋለሁ።

እስከዚያ ዲን ናቸው። ዲን ደግሞ ስብሰባ ይጠራል። ከቅዳሴ መልስ ቁጭ ብዬ የመጀመሪያውን የስብሰባ ጥሪ አረቀቅኩ፣ ለሁሉም አምባሳደሮች፣ በእሳቸው ስም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስህተት የለውም። ነገ ይፈርሙበታል። ለፖስተኛ አልሰጥም፣ በኢሜይልም አልልክም። ክራባቴን አስሬ በእጄ አደርሳለሁ፣ መጀመሪያ ወደ ረጅሙ ሰውዬ ኤምባሲ፣ ተቀባዩም በፊቴ ይፈርምልኛል፣ እሱ ከሌለ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።