ስትቆም የምትሞቀው መኪና

ወላይታ ሶዶ
ሐሙስ፣ ነሐሴ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ትንሳኤ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ ግን ዘንድሮ ልሂድ አላለም፤ ጓሮው ሁሉ ጭቃ ነው። እናትሽ እሁድ እሁድ በስልክ ስታነጋግርሽ እኔ በር ላይ ጋዜጣ የማነብ መስዬ እንደምሰማ ሳታውቂ አትቀሪም። ስልኩን ልታቀብለኝ ስትል መስመሩ ይቆረጣል። አንድ ጊዜ ቢሆን ኔትወርክ ነው እል ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ግን ኔትወርክ ሰው እየመረጠ አይቆረጥም። ስለዚህ ደብዳቤ ይሻላል አልኩ። የጎረቤታችን ልጅ ሣራ ለሥራ ወደ እናንተ ከተማ ስለምትመጣ በእጅሽ ትሰጥሻለች።

የምጽፍልሽ ስለ መኪናዋ ነው። ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ።

ግራ ገብቶኛል። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ብዙም ሳልነዳት ከርሜ ነበር፤ አሁን ግን ቤተ ክርስቲያን በየማክሰኞው ተበላ ከተማ ያሉትን ምእመናን እንድጎበኝ መድባኛለች። እስከ ተበላ ስነዳት መኪናዋ ምንም አትል፤ ስመለስ ያንን ዳገት ስትወጣ እንኳ የሙቀት መለኪያው መሃል ላይ ነው። ደርሼ ቆም ስል፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ቀስቱ ቀዩን ይነካል፤ ውሃውም ይንተከተካል። ሠላሳ አምስት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ሲሠራ ቀዝቅዞ ሲያርፍ የሚሞቅ ነገር አጋጥሞኝ አያውቅም። እንዳላጠፋት ባትሪው ደክሟል፤ አጠፋኋት ማለት ሰው ለምኜ አስገፋኋት ማለት ነው።

የአገራችንን ሰላምታ ደግሞ ታውቂዋለሽ። መስኮት ዝቅ አድርገሽ የሰውየውን፣ የሚስቱን፣ የልጆቹን፣ የከብቶቹን፣ የእንሰቱን ደህንነት ሳትጠይቂ ማለፍ ነውር ነው። እኔ ልጆቹ ጋ ስደርስ መኪናዋ ትፈላለች። ባለፈው ሳምንት ለአቶ ጸሐዬ እጄን ብቻ አውለብልቤለት አለፍኩ። በማግስቱ “ዳልጮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ኮርቷል” መባሉን ሰማሁ። በስተርጅና ኩራተኛ ተባልኩልሽ።

መካኒኩ ደገፉ መጀመሪያ “ቴርሞስታቱ ነው” ብሎ አውጥቶ ጣለው። ለውጥ የለም። ሌላ መካኒክ ራዲያተሩ ተደፍኗል ብሎ አሳጠበኝ። አሁንም ያው። ትናንት ደገፉ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ ሲያዳምጥ ቆየና “ጋሽ ዳልጮ፣ ይሄ ነገር ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ ነው። ሰኞ አምጣት፣ ሞተሩን እንከፍታለን” አለኝ።

“እርግጠኛ ነህ?” አልኩት።

“ከፍተን እናያለን፣ ጋሼ።”

ከፍተን እናያለን ለሚል ሐኪም ሆድሽን ትሰጪያለሽ? ይህች መኪና አንዴ ከተከፈተች እንደ ነበረች አትገጠምም ብዬ ፈራሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንብኝ። እናትሽ ደግሞ “ልጅህን ጠይቃት” ትላለች፤ ሌላ ቃል የላትም። ይኸው ጠየቅኩሽ። እኔ ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ የሚታመን መካኒክ አንቺ ብቻ ነሽ። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አልሰርዘውም።

ከመሄድሽ በፊት ያን ቀን ገበያ ውስጥ የተናገርሽው ምን ነበር? ስለ ማራገቢያው አንድ ነገር ብለሽ ነበር። የእኔን ንግግር ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ የአንቺን ግን አልሰማሁትም መሰለኝ። ስለ ራሴ ይህን ማወቅ ደስ አይልም። ዛሬ እዚህ ላይ ላቁም።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 1

ትንሳኤ፣ ደብዳቤውን ትናንት ለሣራ ልሰጣት ነበር፤ አልሰጠኋትም። ዛሬ ጠዋት መኪናዋን ግቢ ውስጥ አስነሣሁና ኮፈኑን ከፍቼ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። እናትሽ በመስኮት አየችኝ። ቀስቱ ወጣ፣ ውሃው መንተክተክ ጀመረ። ከራዲያተሩ ጀርባ ያለው ማራገቢያ ግን ፍንክች አላለም። ያኔ ድምፅሽ መጣልኝ። “አባ፣ ሲሞቅ ይሄ በራሱ መዞር አለበት። ሲሄድ ነፋሱ ያበርደዋል፣ ሲቆም ማን ያበርደዋል? የድምፅ ማጉያውን ከዚህ መስመር ላይ ነው የቀጠላችሁት” ነበር ያልሽው። አዎ፣ እንደዚያ ነበር ያልሽው።

ያኔ ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ኮንፈረንስ ከተማውን እየዞርን ጥሪ የምናሰማበት ሳምንት ነበር። የመዘምራኑ ኢሳይያስ ድምፅ ማጉያውን ጣሪያዋ ላይ ሲያስር ወፍራም ሽቦ ፈለገ። የማራገቢያውን ሽቦ ያሳየሁት እኔ ነኝ። “ይህ ጠንካራ ነው፣ ከዚህ ላይ ቁረጥና ቀጥል” አልኩት። የጌታ ሥራ ስለሆነ ምንም አይሆንም ብዬ ነበር መሰለኝ። ድምፅ ማጉያው ከወረደ በኋላ የሽቦውን ጫፍ የጠቀለልኩትም እኔ ነኝ፤ የፈተና ወረቀት በማሽግበት ፕላስተር። ዛሬም ያው ፕላስተር እንደተጠቀለለ አገኘሁት። ቴስታታ አይደለም፣ ቴርሞስታት አይደለም። ጥፋተኛው ዳልጮ ነው።

ያን ቀን ግን አንቺ እውነቱን ስትነግሪኝ ሦስት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ቆመው ነበር፤ ጸሐዬም አንዱ ነው። በእነሱ ፊት “እግዚአብሔርን ሴት ልጅ ለመንኩት እንጂ መካኒክ አልለመንኩትም” አልኩሽ። እነሱ ሳቁ። እኔም ሳቃቸውን ወደድኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ፤ ቃሉን ልመልሰው ብል ከየት አመጣዋለሁ? አንቺ የያዝሽውን ጨርቅ አጥፈሽ ኮፈኑ ላይ አስቀመጥሽ። በሳምንቱ ድሬዳዋ ነሽ ተባልኩ። ልጅ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል እያልኩ ለሰው ሳወራ ከረምኩ፤ ለራሴም ጭምር። ለሥራ እንዳልሄድሽ አውቅ ነበር።

በድዬሻለሁ፣ ልጄ። ይቅር በይኝ። ተማሪ ትክክለኛ መልስ ሲሰጠኝ በክፍሉ ፊት አጨበጭብለት ነበር። ለገዛ ልጄ ለምን እንዳቃተኝ ዛሬም አልገባኝም፤ ልዋሽሽ አልፈልግም።

ሽቦውን ቀጠልኩት። ማራገቢያው ተነሣ። መኪናዋን በር ላይ አውጥቼ አቆምኩና ጸሐዬን ጠበቅኩት፤ ከነልጆቹ፣ ከነከብቶቹ፣ ከነእንሰቱ ደህንነታቸውን ጠየቅኩ። ግማሽ ሰዓት በሚኒሞ ሠርታ ቀስቱ ከመሃል ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ልክ ነበርሽ፣ ጥያቄዬም ተመለሰ፤ ደብዳቤውን እዚህ ላይ ቀድጄ መጣል ነበረብኝ።

ግን ወደ ግቢ ከመለስኳት በኋላ አንድ ነገር አደረግኩ። ለምን እንዳደረግኩት እኔም በደንብ አላውቅም። ሽቦውን መልሼ ፈታሁት።

እናትሽ አየችኝ። “ሰው የዳነ በሽተኛ መልሶ ያሳምማል?” አለችኝ። ገባ ብላ ሳትስቅ አልቀረችም፤ ወይም አለቀሰች፣ ለይቼ አልሰማሁም። ለደገፉ ደውዬ ሞተሩ እንዳይነካ፣ ሰኞም እንዳይጠብቀኝ ነግሬዋለሁ።

አዲስ ዓመታችን ጊፋታ ሦስት ሳምንት ብቻ ቀርቶታል። እኛ አገር ቂም ተይዞ ወደ አዲስ ዓመት እንደማይገባ እኔ ልነግርሽ አይገባም። ሦስቱንም ሽማግሌዎች በጊፋታ ዕለት ከአምልኮ በኋላ ቤታችን እንዲመጡ ጠርቻቸዋለሁ። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ “መጥታችሁ ታያላችሁ” አልኩ። አንቺ ሽቦውን ስትቀጥዪ እነሱ ቆመው ያያሉ፤ እኔ ያኔ ያልኩትን ደግሜ እናገርና ስህተት ነበር እላለሁ። ካልመጣሽ ምን እንደምላቸው አላሰብኩም። ለብቻዬ እናገረዋለሁ መሰለኝ። ሥራ ይዞሻል ብዬ አልቀየምሽም፤ ልቀየምሽ መብትም የለኝም።

እናትሽ ዳጣ በርበሬ በጠርሙስ ልካልሻለች፤ ሣራ እንዳትገለብጠው አስጠንቅቄያታለሁ። አምላክ እጆችሽን ይባርክ። በገባሽበት ሁሉ ሞገስ ይስጥሽ፤ የሚያከብሩሽ ሰዎች አጠገብ ያቁምሽ፣ ከእኔ የተሻሉ።

እስከዚያው ተበላ የምሄደው በሚኒባስ ነው። ዛሬ ከሰዓት መናኸሪያ የማክሰኞውን ሚኒባስ ሰዓት ልጠይቅ ስሄድ ሰዎች ከበቡኝና “ጋሽ ዳልጮ፣ መኪናህስ?” አሉኝ። ሁሉም እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ “መካኒኳ ልጄ ናት፣ እሷን እየጠበቅኩ ነው” አልኳቸው።

አባትሽ
ዳልጮ