በር ላይ ለቆመችው ተመራማሪ ስለተደረገላት ድጋፍ

ለክቡር ዶክተር አካለ ወልድ
የናኖ ቅንጣቶች ሲምፖዚየም አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ደብረ ማርቆስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ፤ ያን ሁሉ ንግግር ያለ እረፍት ያደረገ ጉሮሮ ደህና ይሆን ዘንድ አማኑኤል ከተማ ሆነን አጥብቀን እንመኛለን። እኔ መምህር ገዳሙ ነኝ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር፤ በሚመሩት የምርምር ተቋም በቅርቡ የተቀጠረችው ትንቢት አንለይም ተማሪዬ ነበረች። «ጋሼ፣ መጥተው ይስሙኝ» ስላለችኝ የክት ኮቴን ለብሼ በጉባኤዎ ተገኝቻለሁ። ጉባኤው የተጠራው በቅይጥ ናኖ ቅንጣቶች ላይ የሚሠሩ ጀማሪ ተመራማሪዎችን ለመደገፍ መሆኑን በአዳራሹ ፊት በትልቁ ተጽፎ አንብቤአለሁና፣ ስለ ድጋፉ በአደባባይ ማመስገን ግዴታዬ ሆኗል።

አንደኛ፣ ትንቢትን በር ላይ አቁመው ለእንግዶች የስም ባጅ እንድታድል ስላደረጉ አመሰግናለሁ። እናቷ በጉድጓድ ውሃ ሰበብ በታይፎይድ ለሞት ደርሳ ከተረፈች ወዲህ፣ ይህች ልጅ ሸክላን በዓይን ከማይታዩ የብር ቅንጣቶች ጋር አዋህዳ ውሃ የሚያጣራ ዕቃ ስትሠራ ኖራለች። እርስዎ ይህን ላያውቁ ይችላሉ፤ ጠይቀዋት አያውቁምና።

ሁለተኛ፣ ተራዋ ደርሶ መድረክ ላይ ወጥታ የመጀመሪያውን ሥዕል እንዳሳየች፣ «ትንቢት፣ ጊዜ ስለሌለን መደምደሚያውን ብቻ ንገሪን» ስላሏት ምስጋናዬ ይድረስዎ። እሷም ድምጿን ሳታነሳ፣ «ዶክተር፣ ሙከራውን ሳላሳይ መደምደሚያው ወሬ ብቻ ይሆናል» አለችዎ። እርስዎም «እንግዲያው ለፈለገ ሰው በሻይ ሰዓት ታስረጂዋለሽ፤ አሁን ወደ በሩ» ብለው ማይክሮፎኑን ተቀበሏት፤ ቀጥለውም ወጣቶችን ስለመደገፍ አስፈላጊነት ምሳው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አብራሩልን። ከመድረኩ ስትወርድ ፊቷን አይቻለሁ። ፈተና የወደቀች ቀን እንኳ እንዲያ አንገቷን አልደፋችም።

ሦስተኛው ምስጋና ከሁሉም ይበልጣል። ትንቢት የባጁን ካርቶን ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ማጣሪያዋን ይዛ በረንዳ ወጣች። እኔም የመጣሁት እሷን ልሰማ ነውና ተከተልኳት። ከአዲስ አበባ የተጋበዙት ፕሮፌሰር ወለተ ጊዮርጊስ ተከተሉን፤ ከዚያም ወጣቶቹ ተመራማሪዎች አንድ በአንድ ወጡ። ትንቢት ሙከራዋን ከመነሻው አስረድታ ስትጨርስ ፕሮፌሰሯ፣ «ብሩ ከሸክላው ለቆ ወደሚጠጣው ውሃ ቢገባስ?» ብለው ጠየቁ።

ትንቢትም፣ «አላውቅም። እሱን የምለካበት መሣሪያ የለኝም» አለች።

ነገሩ የተበላሸ መስሎኝ ደነገጥኩ። ፕሮፌሰሯ ግን «መሣሪያው እኛ ጋ አለ፤ ናሙናሽን ይዘሽ ነይ» አሏት። ይህ ሁሉ ሲሆን እርስዎ ውስጥ ሆነው ለባዶ ወንበሮች ስለ ወጣቶች ተስፋ ይናገሩ ነበር፤ ድምፅዎ በመስኮት ይሰማን ስለነበር ብቸኝነት አልተሰማንም።

በሳምንቱ «የተመደበችበትን በር ትታ በመሄዷ» የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥተዋታል። ወረቀቱን ይዛ አማኑኤል ድረስ መጥታ፣ «ጋሼ፣ የአዲስ አበባውን መንገድ ትቼ ይቅርታ ልጠይቃቸው ይሆን?» አለችኝ። እያለቀሰች ነበር። እኔም «ያጠፋሽው ነገር ካገኘሽ ጠይቂ» አልኳት። ብታስብ ብታስብ አጣችው። ትናንት ማለዳ ናሙናዎቿን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ አዲስ አበባ ተሳፍራለች፤ የሸኘኋት እኔ ነኝ። በሩ እንግዲህ ሰው የለውም፤ ለቦታው ከክቡርነትዎ የተሻለ የሚመጥን አላውቅም።

ለወጣቶች ያለዎት ፍቅር ከአንደበት ሳይወርድ ዕድሜ ልክዎን እንዲዘልቅልዎ የሚመኝ፣ ከአዳራሽዎ ተነሥቶ በመውጣቱም ቅንጣት ታህል የማይጸጸት፣ ታዛዥዎ

መምህር ገዳሙ ዘማርያም
አማኑኤል፣ ግንቦት ፳፻፰ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ትንቢት ስለ ማጣሪያዋ በምታዘጋጀው የምርምር ጽሑፍ ላይ ስምዎ እንዲገባ በሰው በኩል መጠየቅዎን ሰምተናል። ትንቢት ልበ ሰፊ ስለሆነች፣ በምስጋናው ክፍል እንዲገባ ተስማምታለች። የምታመሰግንዎ ምን ስላደረጉላት እንደሆነ ግን ሁለታችንም ስንፈልግ ሰንብተን አላገኘንም፤ እርስዎ የሚያስታውሱት ነገር ካለ በትሕትና እንጠብቃለን።