ሽማግሌ ጭና የገባችው መኪና

ለምወድሽ እማዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የደብረ ብርሃን ብርድ ጠንቶበት ይሆን? እኛ ዘነበወርቅ ደህና ነን፤ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብንም። ከአባዬ ተኳርፈሽ ከሄድሽ ወዲህ ስሙን ሳነሳ ስልኩን ስለምትዘጊብኝ ነው የምጽፍልሽ። ደብዳቤውን ግን እንደምትጨርሺው አውቃለሁ፤ ወሬ ትወጃለሽ።

ያ የምወደው ለሊሳ ባለፈው እሁድ ሽማግሌ ላከ። ላከ ስልሽ፣ ራሱ ጭኗቸው መጣ! ሦስቱን አስፋልቱ ዳር አውርዶ ሊሰወር ነበር፤ ጠያቂው በሽማግሌ ቀን የልጅቷ ደጅ አይታይማ። ግን ከአየር ጤና ሲመጡ የመኪናዋ ነዳጅ መስጫ ተጣብቆ ቀረ። እግሩን ቢያነሳም ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ትከንፋለች። የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ ወልደ አማኑኤል፣ ልጅቷ የትም አትሄድብህም ቀስ በል እያሉ ይቆጡት ነበር አሉ። ነገሩን ሲነግራቸው ቁጣው ጸሎት ሆነ። ለሊሳ ማርሹን ዜሮ አድርጎ፣ ፍሬኑን እንደረገጠ ለእንግዳ በከፈትነው በር ጠምዝዞ ገባና የአባዬ ጎመን ላይ ቆመ። ሞተሩን ያጠፋው ከዚያ ነው።

እማ፣ ብታይ! ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም አይደል? አቶ ወልደ አማኑኤል ግን ቁጭ በሉ ሳይባሉ ደረጃው ላይ ዘጭ አሉ። ቆመን ልንለምን ነበር፣ እግራችን እምቢ አለን አሉ። እኔ ጓዳ ሆኜ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ሳቅሁ።

ለሊሳ መሪው ስር ሊደበቅ ሲያጎነብስ አባዬ ጠርቶ አወረደው። ዕድሜውን ከባድ መኪና ላይ የጨረሰ ሰው አይደል? ምን እንዳደረገ አንድ በአንድ ጠየቀው። ከዚያ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ ሲጨንቀው የማይደናበር ልጅ ነው አለ። በደስታ ልሞት!

እንደ ወጉ ሌላ ቀን ተመለሱ ይላል ስንል ግን፣ እናቷ ሳትሰማ ቃል አልሰጥም፣ ሄደን እሷን እንለምን አለ።

ቅዳሜ ይመጣሉ። መኪናዋ ተሠርታለች፣ አትስጊ። እባክሽ እሺ በይልኝ፤ ያለ አንቺ ምርቃት አላገባም። አባዬ ከሽማግሌዎቹ ጋር ነው። ጢሙን ተላጭቷል፣ ጥቁር ኮቱን አስተኩሷል። የልጅቷ አባት ከሽማግሌ ጋር ቆሞ ምን ይለምናል ብዬ ብቀልድበት፣ እንደ ልጅ አቀረቀረ።

አምላክ ልብሽን ያራራልን፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ።

ናፋቂ ልጅሽ