ጥቁር ስለሆኑ ተፍቀው ስለተገደሉት ኤሌክትሮዶቻችን

«ከእንግዶች ጉብኝት በፊት በላቦራቶሪው ውስጥ ጠቁሮ የተገኘ ማንኛውም ዕቃ በሽቦ ተፍቆ እንዲነጣ፤ አልነጣ ያለው እንዲወገድ፤ የሚያደናቅፍ ሠራተኛ ቢኖር ጥበቃ አስፈላጊውን እንዲያደርግ።»

ለተከበሩ የውሃ ምርመራ ተቋም ዋና ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ምንጣፍ ወፍራምና እንከን የለሽ እንዲሆን እመኛለሁ። ከላይ የሰፈረው ቃል የእርስዎ ነው፤ በራችን ላይ ከለጠፉት ትእዛዝ አንዲት ነጥብ ሳልጨምር ገልብጬዋለሁ። የኤሌክትሮኬሚስትሪ ክፍሉን የምመራ እንደመሆኔ፣ ትእዛዝዎ በምን ያህል ትጋት እንደተፈጸመ ሕዝብ እንዲያውቅልዎ በአደባባይ ላመሰግንዎ ወደድኩ።

አንደኛ፣ ውሃ የምንመረምርባቸው ትንንሽ ዘንጎች፣ ኤሌክትሮዶቻችን፣ የጠቆሩት ባለመታጠባቸው ሳይሆን ካርቦን በመሆናቸው ነው። ውሃ ውስጥ የተደበቀው እርሳስ የተባለው መርዘኛ ብረት በዚያ ጥቁር ፊት ላይ ይለጠፋል፤ መልሰን ስናስለቅቀው የምትፈሰው ጥቂት ኤሌክትሪክ መጠኑን ትነግረናለች። ለዚህም ፊቱ መስታወት እስኪመስል ድረስ በደቃቅ ነጭ ዱቄት፣ በስምንት ቁጥር ቅርጽ እየተሽከረከረ ይወለወላል፤ ከዚያ በኋላ ጣት እንኳ አይነካውም። በዚህ ሥራ የሚስተካከላት ስለሌለ «መስታወት» የምንላት ኬሚስት ባልደረባዬ ናት ስትንከባከባቸው የኖረችው። እርስዎ ግን የሽቦ መፈተጊያ ላኩላቸው፤ አሳቢነትዎ አስለቅሶናል።

ሁለተኛ፣ ጥበቃዎችዎ ያልተቆለፈውን በር በእርግጫ ሰብረው ስለገቡበት ትሕትና ላመስግን። ኤሌክትሮዶቹን በፈተጓቸው ቁጥር ጥቁር ይወጣቸዋል፤ ካርቦን ሲፋቅ ሌላ ምን ሊወጣው እንደሚችል እርስዎ ያውቁ ይሆናል። አንደኛው «ይሄ ድስት ነው እንዴ፣ ስንት ዘመን ሳይታጠብ የኖረው?» እያለ ይስቅ ነበር። መስታወት የመጨረሻውን ደህና ኤሌክትሮድ ጨብጣ አልለቅም ስትል፣ ይኸው ጥበቃ «እህቴ፣ ልቀቂ፣ እኛም ታዘን ነው» አላት፤ እህትነቷ ሳይረሳ እጇን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አጋደመና ግራፋይት የተባለውን የካርቦን ዱቄት ከዘይት ጋር በምናሽበት የድንጋይ ዘነዘና መታው። የጣቶቿ አጥንት ሲሰበር ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። ሮጬ ስገባ እኔንም በማጅራቴ ይዘው ከቁም ሣጥኑ የብርጭቆ መዝጊያ ጋር አላተሙኝ፤ ደሜ ወለሉ ላይ ሲንጠባጠብ ያንንም በእርጥብ ጨርቅ ወለወሉት፤ ለጽዳቱ ያላቸው ታማኝነት አይካድም።

ሦስተኛው፣ ከሁሉ የሚበልጠው ውለታዎ ነው። እኛ ሐኪም ቤት ስንሰፋ፣ ምክትልዎ በእነዚያው በተፋቁ ኤሌክትሮዶች የአዲሱን ጉድጓድ ውሃ በእንግዶች ፊት መረመሩ። ጉድጓዱ የተቆፈረው አሮጌ ባትሪ ከሚቀጠቀጥበት ግቢ ሥር ነው፤ የቀደሙት ምርመራዎቻችን ሁሉ እርሳስ አግኝተውበታል። አሁን ግን የተፋቀው ፊት እርሳሱን መያዝ ስላቃተው፣ ኤሌክትሪኩን የሚያሳየው የመሣሪያው መስመር ቀጥ አለ፤ እርስዎም አጨብጭበው ውሃው ንጹሕ ነው፣ ዓርብ ለሰፈሩ ይከፈታል ብለው አወጁ። ክቡርነትዎ፣ ልቡ የቆመ ሰውም መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። እርስዎ ሬሳ ጠይቀው ሬሳው ዝም ስላለ ደስ አለዎት።

አልደብቅዎትም፤ ያን ዘነዘና ይዤ ወደ ቢሮዎ የሚወስደውን ደረጃ አጋምሼው ነበር። ጥርስዎን አንድ በአንድ ላረግፈው ነበር። የመለሰኝ ትዕግሥት አይደለም፤ እኔ ብታሰር ስለ ጉድጓዱ የሚጮኽ ሰው እንደማይኖር ስለማውቅ ነው።

የተሰፋውን ቅንድቤን ለክብርዎ ዝቅ አድርጌ፣ ለጥበብዎም ሆነ ለሽቦዎ ተገቢውን አድናቆት እያቀረብኩ እሰናበታለሁ።

የኤሌክትሮኬሚስትሪ ክፍል ኃላፊ፣
እስኪያባርሩት ድረስ የእርስዎው

ማስታወሻ፦ ዘነዘናውን ያነሣው ጥበቃ ትናንት ቤቴ ድረስ መጣ። «ጋሼ፣ እኔ የምኖረው እዚያ ጉድጓድ አጠገብ ነው፤ ባለቤቴ እርጉዝ ናት፤ ትጠጣው ወይስ ይቅርባት?» ብሎ ጠየቀኝ። አንገቱን ላንቀው እጄ ተነሥቶ ነበር። «እንዳታጠጣት» አልኩት። የእርስዎን ዘበኛ ሚስት እኔ አስጠንቅቄያለሁ፤ ለቀሩት የሰፈሩ እናቶች ተጠያቂው እርስዎ ነዎት። ጉድጓዱ እንደማይከፈት በፊርማዎ የተረጋገጠ የጽሑፍ መልስ እስከ ፊታችን ሐሙስ ቀትር ድረስ እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ።