ጂን የገባበት ስንዴ

ሰኞ

እምቢ አሉ። ባለፈው ሳምንት እሺ ብለውኝ ነበር እኮ!

ነገሩ ቀላል ነበር። ዋግ እንዳይመታው ከዱር ሣር ጂን ወስደን የጨመርንበትን ስንዴ በታጠረ መሬት ልንሞክረው ነው። ደንቡ ጎረቤቱ አጥሩ ሥር ያለችውን ጠባብ መሬት ዘንድሮ ስንዴ እንዳይዘራባት ይላል፤ ብናኙ እንዳይቀላቀል። ጎረቤቱ ሐጂ ቃሲም ናቸው። እንዲፈርሙልኝ ብቻ ነው የጠየቅኳቸው። እስከሚቀጥለው ሰኞ ካልፈረሙ የዘር ጊዜው ያልፋል፤ አንድ ዓመት ሄደ ማለት ነው።

የመንደሩን ሰው ሰብስበው ነበር፤ ሁሉንም በኦሮምኛ አስረዳኋቸው። ደብረ ማርቆስ ተወልጄ፣ ሮቤ አራት ዓመት ብቻ ኖሬ፣ በኦሮምኛዬ ኮራ ብዬ ነበር። አንድ ሽማግሌ «አዑዙ ቢላህ» ብለው ተነሥተው ሄዱ። ሐጂም እስክሪብቶዬን መለሱልኝ።

ማክሰኞ

ከሰው ጋር መነጋገር አስጠልቶኛል። አለቃዬ በስልክ «ሌላ ጎረቤት ፈልጊ» አለኝ። ጎረቤት ከሱቅ የሚገዛ ይመስል።

የማይገባኝ፦ የዛሬ ሦስት ዓመት በሐጂ ማሳ ውስጥ ሳልፍ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ቢጫ ሆኖ ወጣ። ዋግ ነው። ያን ዓመት ስንዴያቸውን አጭደው ለከብት ሰጡት። ታዲያ እሳቸው እምቢ ካሉ ማን እሺ ይላል?

ረቡዕ

ጉድ ነው!

የምርምር ጣቢያችን ቴክኒሻን ጀማል፣ አጋርፋ ያሉ ቤተሰቦቹን ጠይቆ ተመለሰ። ሰኞ ያልኩትን ቃል በቃል ደገምኩለት። ሳቁ አላቆም ብሎት ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

«እህቴ፣ ጂኒ አስገባንበት ነው ያልሻቸው!»

በኦሮምኛ ጂን ለማለት «ጂ»ውን መሳብ ነው። «ን»ን ካጠበቁት ያው የምናውቀው ጂኒ ይሆናል። እኔ አጥብቄዋለሁ። ለዚያውም ጠንከር አድርጌ። በዓይን አይታይም ብያለሁ። ከዱር ነው ያመጣነው ብያለሁ። ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል፣ አንዴ ከገባ አይወጣም ብያለሁ። ሁሉም ትክክል ነው፤ ለጂኒም ትክክል ነው።

አፍሬ ሞትኩ። ግን ደስ አለኝ። ስንዴው አይደለም የተጠላው፣ ምላሴ ነው።

ሐሙስ

ከጀማል ጋር ሐጂ ቤት ሄድን። ወተት ተሰጠን። ስሕተቴን ነገርኳቸው። ሐጂ ምንም አልደነቃቸውም።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ እንኳ ገብቶኛል፤ ሬዲዮ እሰማለሁ» አሉ። «ጎረቤቶቼ የሰሙት ግን ሌላ ነው። ዘር ከኔ ነው የሚወስዱት። ብፈርም ከእንግዲህ ማን ይወስዳል? ነገ ከጁምዓ በኋላ ነይና አንቺው ንገሪያቸው።»

«እርስዎ ቢነግሩልኝስ?»

«እኔ አልተሳሳትኩም» አሉ። እውነታቸውን ነው።

አርብ

ዝናብ፣ ጭቃ፣ የራሰ ካልሲ። ከመስጊዱ ማዶ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆሜ ስሕተቴን ተናገርኩ። ጂን ማለቱን ትቼ «ሰኚ» አልኩ፣ ዘር። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። «አዑዙ ቢላህ» ያሉት ሽማግሌ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁብኝ።

ከዚያ ግን ቁም ነገሩ መጣ። ያ ሣር ራሱን ዋግ አይመታውም? አይመታውም። ዳቦው ይለወጣል? ገና አልበላነውም። ለከርሞ ዘሩን ከራሳችን ማስቀረት እንችላለን?

ይኸኛውን አላውቅም። አላውቅም አልኩ። ማንም አልሳቀብኝም። ሐጂም አልፈረሙም፣ «እናስብበት» ብለው ሄዱ።

እሑድ

ጎባ ያለች ጓደኛዬ ጋ ዋልኩ። ምሳ ጣፍጦኛል፤ ወሬውን ግን ልቤ አልያዘውም። ስልኬን ደጋግሜ አየሁ።

ሰኞ

ጠዋት ስንደርስ ሐጂ ቀድመውናል። አጥሩ ሥር ያለችው መሬት ታርሳ አልቃለች፤ የባቄላ ዘር በከረጢት ይዘው ቆመዋል። «ጎረቤቶቼ፣ ያላወቀችውን አላውቅም ብላለች፣ ትሞክር ብለዋል» አሉና ወረቀቱን ተቀብለው ጀማል ጀርባ ላይ አስደግፈው ፈረሙ። ልስማቸው ምንም አልቀረኝም።

«አሁን አንድ ነገር ንገሪኝ» አሉ። «ቢሳካ፣ ይሄ ስንዴ እኔ ማሳ ላይ መቼ ይደርሳል?»

ልዋሽ አልፈለግሁም። ሙከራው አለ፣ ፈቃዱ አለ። «ሰባት ስምንት ዓመት፣ ምናልባትም በላይ» አልኳቸው። ሰባዎቹን ያጋመሱ ሰው ናቸው። በጣታቸው ቆጠሩ።

«እሺ፣ ለልጅ ልጆቼ ይሆናላ» አሉና ባቄላቸውን መዝራት ጀመሩ።